የታችኛው ቁልፍ

ሐጂራ ፊደል የቆጠረችው በሃምሳ ዓመቷ ነው። በ1973 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቷን ይዛ ከቀበሌው አዳራሽ ስትወጣ እግሯ መሬት አልነካም ማለት ይቻላል። በቀጥታ ወደ ልብስ ስፌት ቤቷ አልገባችም። ጅማን ልታነብ ሄደች። ከሄርማታ መርካቶ ተነስታ እስከ አውቶቡስ ተራ ድረስ ግድግዳ ላይ የተጻፈውን፣ በጨርቅ የተንጠለጠለውን፣ ቆርቆሮ ላይ የተለጠፈውን ሁሉ ፊደል በፊደል እየለቀመች አነበበች። ገና ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ከተማው አለቀባት።

«ምን የሚል አገኘሽ?» አለቻት አይሻ። አይሻ ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ስትሆን፣ በአንድ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ቡና እየለቀመች የምትተዳደር ሴት ናት።

«ሁሉም ትእዛዝ ነው። ተነሺ፣ ተደራጂ፣ አምርቺ፣ አውግዢ! ‹እንዲህ ሆነ› የሚል አንድ እንኳ የለም። ወላሂ፣ ዓይኔን ያጠፋሁት ለዚህ ነው እንዴ?»

ነገሩ ከሆዷ አልወጣ አለ። በነጋታው ዋቅጅራ የሚባል የሸቤ ገበሬ፣ ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ሱሪውን ሊያስጠግን መጣ። ዝናቡ የሸቤን መንገድ እንደቆረጠው፣ እሱም ራሱ በበቅሎ በአቋራጭ እንደመጣ ነገራት። ትንሽ ቆይቶ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ገባና ሳይጠየቅ ያንኑ ደገመላት። ውጭ ደግሞ ሰው ጭነቱን ተሸክሞ፣ ላቡን እያንጠፈጠፈ ወደ አውቶቡስ ተራ ይጎርፋል። የማያውቀው ሰው ሲለፋ ዝም ብሎ ማየት የማይሆንላቸው ሰዎች አሉ፤ ሐጂራ ከነሱ አንዷ ናት። የስፌት ጠመኔዋን አነሳች። በሯ ጥቁር አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ባለ ሁለት ሳንቃ ነው፤ ወደ ውጭ ሲከፈት የውስጥ ፊቱ ወደ መንገዱ ይዞራል። እዚያ ላይ፣ እጅጌና ወገብ ስታሰምር በኖረችበት እጇ፣ በዕድሜዋ የመጀመሪያውን ዜና ጻፈች፦

የሸቤ መንገድ ተቆርጧል። ዛሬ አውቶቡስ የለም።

አንድ ሽማግሌ ቆም ብለው አነበቡ። ደግመው አነበቡ። ከዚያ ጭነታቸውን ከትከሻቸው አውርደው ገቡና መረቋት። አንድ ነገር ካልሰጠሁሽ አሉ። እሷ ደግሞ የዚያን ሰሞን የምትበግነው በቁልፍ ነበር። የሸሚዝ ቁልፍ ከጅማ ገበያ ድራሹ ጠፍቷል፤ ሰው ሸሚዙን በእሾህ መቆለፍ ነው የቀረው።

«ቁልፍ የለዎትም እንጂ» አለች በቀልድ።

ሽማግሌው ሸሚዛቸውን ከሱሪያቸው መዘዝ አደረጉና የመጨረሻዋን የታች ቁልፍ ቅንጥስ አድርገው በጠሷት። «እንኪ። ይቺ ሱሪ ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ማንም አያያትም።»

ልማዱ እንዲህ ተጀመረ። ሐጂራ የዱቄት ወተት ጣሳ አጥባ በመስኮቷ ደፍ ላይ አስቀመጠች። ያነበበ፣ የተጠቀመ፣ ደስ ያለው ሰው የታችኛውን ቁልፉን ይጥላል። ሸሚዝ የማይለብሱት ሴቶች መርፌ ቁልፍ ይጥሉ ነበር። ዓመቱ ሳይጋመስ የሄርማታ ወንድ ግማሹ የታች ቁልፍ የሌለው ሆነ፤ ጎንበስ ብሎ ኩንታል ሲያነሳ ሸሚዙ ገለጥ ካለ፣ የሐጂራ በር አንባቢ መሆኑ ይታወቃል። በከተማው ቁልፍ ያላት ልብስ ሰፊ እሷ ብቻ ስለነበረች የሚሰፋ ልብስ ሁሉ ወደ እሷ ጎረፈ። ጠመኔውን ልብሱ ይገዛል፣ ልብሱን ቁልፉ ይጠራል፣ ቁልፉን በሩ ያመጣል። በሩ ማንንም ደጅ ሳይጠና በገዛ አንባቢው ኖረ።

ሕጓ ሁለት ነበር። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ካልነገሯት አትጽፍም። ተሳስታ ከጻፈች ደግሞ «ተሳስቻለሁ» የሚለውን ሦስት ቀን አታጠፋውም። ማታ በሩ ሲዘጋ ጽሑፉ ወደ ውስጥ ይዞርና ከእሷ ጋር ያድራል፤ ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ አዲስ ትጽፋለች። አንዳንዱን በአማርኛ፣ አንዳንዱን በኦሮምኛ ትጽፈው ነበር፤ ፊደሉ እንደሆነ ያው ነው። በተለይ ሐሙስ ሐሙስ ገበያተኛው ሲጎርፍ ሰኮሩ ላይ፣ አጋሮ ላይ፣ ሸቤ ላይ ቡና ስንት እንደዋለ ጎን ለጎን ትደረድረው ነበር። ይህን ያየ ገበሬ እንደ ድሮው የተባለውን ዋጋ ተቀብሎ አይሄድም፤ ቆሞ ይከራከራል።

አንድ ቀን ነጋዴው ሸምሰዲን መጣ። አይሻ የምትሠራበት መጋዘን የሱ ነው። በብብቱ ሙሉ ካርቶን ጠመኔ ይዟል።

«አዴ ሐጂራ፣ ማሻአላህ፣ ትልቅ ሥራ ነው የያዙት» አለ፤ ጅማ ላይ ትልቅ ሴት በአክብሮት የምትጠራው በዚህ በኦሮምኛው «አዴ» ነው። «ይሄ የዓመት ጠመኔ ነው። በሩንም በዝግባ አሠራልዎታለሁ። እንደው የቡናውን ዋጋ ብቻ ይተዉት። ሰው ያጣላል።»

ሐጂራ ካርቶኑን አየችው። ነጭ፣ ያልተነካ፣ ጫፉ ያልተሸረፈ ጠመኔ! እውነት ለመናገር ልቧ ሄዶ ነበር። ግን ዓይኗ ወደ ጣሳው ዞረ።

«ልጄ፣ ይሄ በር ባለቤቱ ብዙ ነው» አለችው። «ላንተ ብዬ አንዱን መስመር ባጠፋ ሁሉም ቁልፉን መልሺ ይለኛል። የቱ የማን እንደሆነ ደግሞ አላውቀውም።»

ሸምሰዲን ካርቶኑን ይዞ ወጣ። ሳምንት ሳይሞላው የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ፍስሐ መጣ። ፍስሐ ከወሎ የመጣ የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ነው፤ የሚለብሰውን የካኪ ኮት የሰፋችለትም ሐጂራ ናት። አንድ አመል ነበረው። ለሥራ ሲመጣ «ጓዲት ሐጂራ» እያለ አንቺ ይላታል፤ ሥራው ሲያልቅ «አዴ ሐጂራ» ብሎ አንቱታውን ይመልሳል። የዚያን ቀን የመጣው ለሥራ ነው።

«ጓዲት ሐጂራ፣ ወሬ መንዛት ክልክል መሆኑን ታውቂያለሽ። ሰዎች አመልክተዋል። ከዛሬ ጀምሮ በሩ ላይ ወሬ አይጻፍም።»

«ምን ይጻፋል ታዲያ?»

ፍስሐ ጭንቅላቱን አከከ። «እንግዲህ… የጠፋ ዕቃ ማስታወቂያ ማንም ይለጥፋል። እሱ አልተከለከለም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «ደህና ይዋሉ፣ አዴ ሐጂራ» ብሎ ሄደ።

ሐጂራ ያን ቀን ምሳዋን አልበላችም። ስፌት መኪናዋ ላይ ተደግፋ ስታስብ ቆየችና ብቻዋን ትስቅ ጀመር። አይሻ «ምን ነካሽ?» ብላ በግድግዳው ስትጠይቃት ሳቋ ይበልጥ ገነፈለ። በነጋታው በሩ ሲከፈት መንገደኛው ይህን አነበበ፦

ጠፍቷል፦ የአዲስ አበባ አውቶቡስ። ቀይ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ሰኮሩ ላይ ጎማው ተንፍሶ ቆሞ ነው።

ጠፍታለች፦ ፈድሊያ ከአባቷ ቤት። አጋሮ ባሏ ቤት ተገኝታለች። እንኳን ደስ ያላችሁ።

ጠፍቷል፦ ከአንድ ኪሎ ቡና ዋጋ ላይ ስልሳ ሳንቲም። ሰኮሩ ላይ ነበረ፤ ጅማ ሲደርስ የለም።

ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ድሮ አንብቦ ይሄድ የነበረው አሁን ሌላውን እየጠራ የሚያነብ ሆነ። ጣሳው በሳምንት ይሞላ የነበረው በሦስት ቀን ሞላ። ከዕለታት አንድ ቀን ሐጂራ ጣሳውን ገልብጣ ቁልፍ ስትለይ አንዲት ቡናማ፣ ባለ አራት ቀዳዳ የካኪ ኮት ቁልፍ አገኘች። በእጇ አገላበጠቻት፣ ፈገግ አለች፣ መልሳ ጣሳው ውስጥ ጣለቻት። ለማንም፣ ለአይሻ እንኳ፣ አልተናገረችም።

ከዚያ ስኳር ጠፋ። ለቀበሌው ኅብረት ሱቅ የተጫነ አርባ ጆንያ ስኳር ከመኪና ወረደ ተባለ እንጂ ሱቁ አልደረሰም። ሰው ሻዩን ከረሜላ እየነከሰ መጠጣት ጀመረ፤ ሻይ በቀረበ ቁጥርም የፍስሐ ስም ይነሳል። «በልቶታል» አለ ከተማው በሙሉ። ሐጂራ ግን «በልቶታል» የሚል አልጻፈችም፤ ያየ ሰው አልነገራትም። ከጫነው ሾፌርና ካልተረከበው ባለሱቅ የሰማችውን ብቻ ጻፈች፦

ጠፍቷል፦ አርባ ጆንያ ስኳር። ጆንያው ላይ አረንጓዴ መስመር አለበት። ያገኘ ሰው ወሮታ ይከፈለዋል።

ወሮታው ቀልድ ነበር። የጠፋ ዕቃ ማስታወቂያ ሁሉ የሚያልቀው በዚህ ነውና፣ ሐጂራም ለወጉ ብላ ጨመረችው። የጅማ ሰው አንብቦ ሳቀ። የሸቤው ዋቅጅራ ግን አልሳቀም። እሱም በዚያው ዓመት ፊደል ከቆጠሩት ነው፤ የተጻፈ ነገር እንደሚቀልድ ገና አልተነገረውም። ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ገበያው አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ሳለ፣ በቅሎውን እየጎተተ ሕዝቡን ሰንጥቆ መጣ።

«አርጌራ!» ብሎ ጮኸ። «አዴ ሐጂራ፣ አርጌራ! ወሮታዬን!»

በኦሮምኛ ማየትም ማግኘትም አንድ ቃል ነው። «አርጌራ» ያለ ሰው አይቻለሁ ይበል አግኝቻለሁ ይበል በነገሩ ነው የሚለየው፤ ለዋቅጅራ ግን የሚለይ ነገር አልነበረም። ካየሁት አገኘሁት ማለት ነው ብሎ ነው ከመጋዘን በሩጫ የመጣው።

«ምኑን ነው ያየኸው?»

«ስኳሩን ነዋ! ቡናዬን ላስረክብ ሸምሰዲን መጋዘን ገባሁ። ከቡናው ጀርባ ተደርድሯል። አረንጓዴ መስመር አለው። አንቺ እንደጻፍሽው ነው፣ ምንም አልጎደለም!»

ገበያተኛው ሁሉ ወደ ሐጂራ ዞረ። እሷም ያነሳችውን ጠመኔ መልሳ አስቀመጠችው። ፈራች፤ መፍራቷን ደግሞ አልደበቀችም። እስከዛሬ የጻፈችው መንገድና ሰርግ ነው። ይሄን ከጻፈች በሩ የሚዘጋበት ቀን ሩቅ እንዳልሆነ ይገባታል፤ በሩ ከተዘጋ ደግሞ እንጀራዋም፣ ፊደሏም፣ የዚህ ሁሉ ሰው ዓይንም አብሮ ይዘጋል።

«አንድ ሰው ነህ» አለችው። «ሁለተኛ ያስፈልገኛል።»

«እኔን እያየሽ? እኔ እኮ ሁለት ሰው አክላለሁ!» አለ ዋቅጅራ፤ እውነትም ግዙፍ ነበር። ሰው ሳቀ።

ሳቁ ሳያልቅ አይሻ ነጠላዋ ላይ የቡና ገለባ እንደተጣበቀ ከመሀል ወጣች። ዋቅጅራን በሕይወቷ አይታው አታውቅም። «እኔ ነኝ ሁለተኛዋ» አለች። «ከኋላ ያለው ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው ምሳ የምበላው። ቡና መስሎኝ። ሁልጊዜ ጉንዳን ይወረኛል። ቡና ላይ ጉንዳን ምን ይሠራል ስል ነበር። ዛሬ መስመሩን አየሁት።»

«አይሻ፣ ከሥራ ያባርርሻል» አለች ሐጂራ ቀስ ብላ።

«ጉንዳን ከመብላት ይሻላል። ጻፊ!»

ሐጂራ ጻፈች። «ተገኝቷል፦ ስኳር። ከሸምሰዲን መጋዘን፣ ከቡናው ጀርባ።» ቀና ስትል ዋቅጅራ አሁንም እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ወሮታውን ይፈልጋል። ምን ልስጥህ ብትለው አላመነታም። «ስሜን ጻፊው። ሸቤ ያሉት ያንብቡት።» እሷም ከሥሩ «ያገኘው፦ ዋቅጅራ፣ ከሸቤ» ብላ ጨመረች። ያ ግዙፍ ሰው ስሙን በጣቱ እየተከተለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አራት ጊዜ አነበበው። አራተኛው ላይ ዓይኑን በበቅሎው ጋማ ጠረገ።

ፍስሐ ወሬውን ሰምቶ ሕዝቡን አስከትሎ መጋዘኑ ሲደርስ ሸምሰዲን «ለቀበሌው ብዬ በአደራ ነው ያስቀመጥኩት!» አለ። የዚያን ቀን የተሳቀው ሳቅ እስከ አውቶቡስ ተራ ተሰምቷል። ስኳሩ በጋሪ ተጭኖ እየተዘፈነ ኅብረት ሱቅ ገባ፤ አይሻም ከሥራ ስትባረር በዚያው ሳምንት ሱቁ ስኳር መዛኝ አድርጎ ቀጠራት። ፍስሐን ማንም ይቅርታ አልጠየቀውም። ግን ሻይ ቤት ሲገባ ወንበር ይለቁለት ጀመር፤ እሱም ይህ ሳይገባው አልቀረም።

ሐጂራ የፈራችው ቀን የመጣው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ፍስሐ እኩለ ቀን ላይ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ መጣ። ከበላይ የመጣ ደብዳቤ ይዟል፤ ፊቱ ጠቁሯል። መንገደኛው ሁሉ ቆመ።

«ጓዲት ሐጂራ፣ ትእዛዝ ነው። ቁልፍ አስረክቢ።»

ሐጂራ ሠላሳ ዓመት የከፈተችውን በር አየችው። ከዚያ እጇን ዘረጋች። «ደብዳቤውን ልየው።»

«አንቺ ታነቢዋለሽ?»

«ምስክር ወረቀቴ ላይ የፈረምከው አንተ አይደለህም እንዴ?»

ሰጣት። ሐጂራ እንደለመደችው ፊደል በፊደል፣ ቃል በቃል፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። አንደኛው ጠባቂ ሰዓት እንደሚሄድበት ሰው እግሩን ቀያየረ። አንብባ ስትጨርስ ወደ መጀመሪያው ተመልሳ እንደገና አነበበች፤ ፊቷም ቀስ እያለ በራ።

«‹ከግለሰቧ ቁልፍ ተረክባችሁ በአስቸኳይ አስታውቁን› ነው የሚለው።»

«አዎ።»

«የምን ቁልፍ እንደሆነ ግን አይልም።»

ወደ መስኮቷ ሄደች። ጣሳውን አንስታ አምጥታ በመቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ ገለበጠችው። ነጭ፣ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ የቀንድ፣ የእንጨት፣ የወታደር ሸሚዝ፣ የተማሪ ሸሚዝ፣ ሁሉም እየተንሿሿ ወረደ። ከዚህ ሁሉ መሀል አንዲት ቡናማ፣ ባለ አራት ቀዳዳ ቁልፍ ተንከባልላ ወጥታ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ፣ ልክ ፍስሐ ፊት ለፊት፣ ዞር ዞር ብላ ተኛች።

የፍስሐ እጅ ሳያስበው ወደ ኮቱ ጫፍ ሄደ። አንደኛው ጠባቂ ሸሚዙን ቶሎ ወደ ሱሪው ከተተ። ሁለተኛው ጠባቂ ይህን አይቶ ሊስቅ ሲል የራሱን አስታወሰና እሱም ከተተ። ሐጂራ ጠረጴዛውን ብቻ ታያለች።

ፍስሐ ደብዳቤውን ወስዶ አነበበ። ገልብጦ ጀርባውንም አየ። ጀርባው ባዶ ነው። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ የመሰላቸው ነበሩ፤ እየሳቀ ነው። ሳቁ ሲለቀው ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣና በመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጻፈ፦ «በታዘዝነው መሠረት ከግለሰቧ ቁልፍ ተረክበናል።» ማኅተሙን ጠባቂው በእስትንፋሱ አሟሟቀለትና አተመ።

«አዴ ሐጂራ» አለ፤ አንቱታው ተመልሷል፤ «እዚህ ላይ ይፈርሙ።»

ድሮ በአውራ ጣቷ ነበር የምትፈርመው። አሁን «ሐጂራ» ብላ ሦስቱንም ፊደል ጻፈች። ጠባቂዎቹ ቁልፉን ለቅመው በጣሳው ይዘው ሄዱ። ከበላይ ሌላ ደብዳቤ አልመጣም፤ ሪፖርቱ ተሟልቷል፣ ቁልፍ ገብቷል፣ ፋይሉም ተዘግቷል። የሐጂራ በር ግን አልተዘጋም።

በነጋታው ጠዋት በሩን ስትከፍት ደስታዋ ትንሽ ጎድሎ ነበር። የመስኮቷ ደፍ ባዶ ነው። ቁልፉ ሁሉ ሄዷል፤ ለሚሰፉት ሸሚዞች አንድ ፍሬ እንኳ አልቀረላትም። አንድ የቲማቲም ጣሳ አጥባ አስቀመጠችና ጠመኔዋን አነሳች። የመጨረሻውን «ጠፍቷል» ጽፋ እንደጨረሰች ከኋላዋ የእግር ኮቴ ሰማች።

ፍስሐ ነው። ከዚህ በፊት በሩን ያነብ የነበረው እሷ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ጠብቆ፣ ግራ ቀኙን አይቶ ነበር። አሁን ፀሐይዋ ፊቱ ላይ እያበራች፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከላይ እስከ ታች አነበበ። ሲጨርስ የካኪ ኮቱን ጫፍ ያዘ። የታችኛዋ ቁልፍ ከነጣሳው ሄዳለች። አንድ ደረጃ ከፍ አለና ቀጣይዋን ቅንጥስ አድርጎ በጠሳት።

«ምነው ልጄ፣ ኮቱን ልታራቁተው ነው እንዴ?» አለችው ሐጂራ።

ቁልፏን ባዶው ጣሳ ውስጥ ጣላት፤ ቅጭል አለች።

«ምን ላድርግ፣ አዴ ሐጂራ» አለ ፍስሐ፣ «አሁን የታችኛዋ ይቺ ናት።»